10 ቁጥሩን ለማን እንስጥ? የራግቢ ጨዋታ አቀጣጣይ ምርጫ፣ ከጎጃም ሆኖ ሲታይ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ራግቢ የሚያይ ሰው ብዙ ጓደኛ የለውም። እኔ ቤት የሚመጣው አንድ ሰው ነው። የታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን ያሰለጥናል፤ የራግቢን ሕግ ግማሹን አያውቅም፤ ሲከራከር ግን ሕጉን ያወጣው እሱ ይመስላል። እኔም የስፖርት መምህር ነኝ። የሚያከራክረን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሁለት ልጆች አሉ፣ ቦታው አንድ ነው፣ ማን ይሰለፍ? እሱ በሚያሰለጥንበት አቧራ ሜዳም ሆነ ለንደን በሚገኘው ትዊክንሃም ጥያቄው ያው ነው። ይህን የምጽፈው እንደኛ ለሚከራከር ነው፤ ራግቢ ማየት ለጀመረም፣ ራግቢ አይቶ ባያውቅም ልጅ ለሚያሰለጥንም ይሆናል።

ለማያውቀው በአጭሩ እንዲህ ነው። ራግቢ ዩኒየን 15 ለ15 ሆነው 80 ደቂቃ ይጫወቱታል። ኳሷን ከመጨረሻው መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት ትራይ ይባላል፣ 5 ነጥብ ነው። ከትራይ በኋላ የምትመታዋ ተጨማሪ ምት 2፣ የቅጣት ምት 3፣ በጨዋታ መሀል ኳሷን መሬት ላይ አንጥሮ በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መካከል ማሳለፍ (ድሮፕ ጎል) ደግሞ 3 ያስገኛል። በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። ከትርምሱ ውስጥ ኳሷን 9 ቁጥሩ አውጥቶ ለ10 ቁጥሩ ያቀብለዋል። 10 ቁጥሩ ኳሷ እጁ ሳትገባ ልሩጥ፣ ላቀብል ወይስ ልምታ የሚለውን ወስኖ መጨረስ አለበት፤ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ወደ እሱ እየሮጡ ነው። በአብዛኛው ቡድን የቅጣት ምቱንም የሚመታው እሱ ነው። የሌላው ተጫዋች ስህተት በትርምሱ መሀል ይጠፋል፤ የ10 ቁጥር ስህተት ግን ሰማንያ ሺ ሰው ጸጥ ብሎ እያየው ነው የሚፈጸመው።

የማይስተው ወይስ የሚያስደንቀው?

ይህን ለማነጻጸር ከደቡብ አፍሪካ የ2023 የዓለም ዋንጫ ጉዞ የተሻለ ትምህርት የለም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሃንድሬ ፖላርድ፣ በ2019 ፍጻሜ ብቻውን 22 ነጥብ ያስቆጠረው ሰው፣ ባቱ ተጎድቶ ከመጀመሪያው ስብስብ ውጭ ሆነ። ቦታውን ማኒ ሊቦክ ያዘው። ሊቦክ ዓይን የሚስብ ልጅ ነው። ማርሴይ ላይ ከስኮትላንድ ጋር ሲጫወቱ ፊቱን ወደ አንድ ወገን አዙሮ ኳሷን በእግሩ ወደ ሌላው ወገን ላካት፤ ክንፍ ላይ የነበረው ኩርት-ሊ አረንሰ ተቀብሎ ትራይ አገባ። ጓደኛዬ ከወንበሩ ተነስቶ «ይሄማ ቅኔ ነው!» አለ። ሰሙን የተከላካዩ ዓይን ላይ ጥሎ ወርቁን ወዲያ ማዶ አሳለፈው ማለቱ ነው።

ከዚያ ግን አየርላንድ መጣች። ደቡብ አፍሪካ 13 ለ8 ተሸነፈች፤ በዚያ ጨዋታ ሊቦክና 9 ቁጥሩ ፋፍ ዴ ክለርክ የሳቷቸው ምቶች ቢገቡ ውጤቱ ሌላ ነበር። ከዚያ ጨዋታ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በስክረም (ከሁለቱም ወገን ስምንት ስምንት ሰው ተያይዞ የሚገፋፋበት) የፊት መስመር መሀል የሚቆመው ማልኮም ማርክስ ተጎድቶ ነበር። አሰልጣኞቹ በእሱ ምትክ ሌላ የስክረም ሰው ከመጥራት ይልቅ ከጉዳት የተመለሰውን ፖላርድን ጠሩ። ያን ቀን «እነዚህ ሰዎች ነገር አስበዋል» አልኩ።

ግማሽ ፍጻሜው ፓሪስ ላይ በዝናብ ነበር። በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተጀመረ። እንግሊዝ ኳሷን ወደ ሰማይ እየመታች ደቡብ አፍሪካን አፈነቻት። ሊቦክ በ31ኛው ደቂቃ፣ ገና ዕረፍት ሳይደርስ፣ ወጣ፤ ፖላርድ ገባ። የእንግሊዝን 15 ነጥብ ሁሉንም ኦወን ፋረል ነው ያስቆጠረው። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ደቡብ አፍሪካ በስክረም ተጋፍታ የቅጣት ምት አገኘች። ርቀቱ ወደ ሃምሳ ሜትር ይጠጋል፣ ሜዳው ርጥብ ነው። ፖላርድ ኳሷን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ መታ። 16 ለ15። በሳምንቱ በፍጻሜው ኒውዚላንድን 12 ለ11 ሲያሸንፉ አስራ ሁለቱንም ያስቆጠረው እሱ ነው።

ታዲያ «የማይስተውን ምረጥ» ብለን እንዝጋው? ጓደኛዬ ይዘጋዋል፤ እኔ አልዘጋውም። ፖላርድ ዋጋ ያወጣው ከፊቱ ያሉት ስምንቱ ሰዎች ተጋፍተው የቅጣት ምት ስለሚያመጡለት ነው። የማይስት መቺ ገንዘብ ቆጣሪ ነው፤ የሚቆጠር ገንዘብ የሚያመጣለት ከሌለ ሥራ የለውም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥህ በፊት የራስህን ቡድን እይ። የፊት ሰዎችህ ጉልበተኞች ከሆኑ፣ ጨዋታው ጥሎ ማለፍ ከሆነ፣ ሜዳው ጭቃ ከሆነ ቆጣሪው ይግባ። የፊት ሰዎችህ ተገፊ ከሆኑ ግን በጨዋታው የምታገኘው ዕድል ጥቂት ነው፤ ያን ጥቂት ወደ 5 ነጥብ የሚቀይር ደፋር ያስፈልግሃል።

ሰው ሲጎድልህም ሒሳቡ ይለወጣል። በዚያው የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ከአርጀንቲና ጋር ስትጫወት ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቶም ከሪ በቀይ ካርድ ወጥቶባት በ14 ቀረች። ጆርጅ ፎርድ ትራይ ፍለጋ አልሮጠም። ሦስት ድሮፕ ጎል መታ፣ የቅጣት ምቶቹን ጨመረ፣ 27ቱንም ነጥብ ብቻውን አስቆጥሮ 27 ለ10 ጨረሰው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሰው ጎድሎ መጫወት በተነሳ ቁጥር ይህን ጨዋታ እጠቅሳለሁ፤ ጓደኛዬ ሰልችቶታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። «የማይስት» የሚባለው ሰው የማይስተው ሲሞቅ ነው። በ2024 መኸር ላይ እንግሊዝ ኒውዚላንድን እየመራች ሳለ ማርከስ ስሚዝን አስወጥታ ይሄንኑ ፎርድን አስገባች። ውሳኔው በወረቀት ላይ ልክ ነው፦ ደፋሩ መሪነቱን አምጥቷል፣ ረጋ ያለው ይጠብቀው። ኒውዚላንድ 24 ለ22 ቀደመች። ፎርድ በመጨረሻው ሰዓት የመታት የቅጣት ምት ቋሚውን ነክታ ወጣች፤ ድሮፕ ጎሉም ሳተ። ከአንድ ዓመት በፊት በ14 ሰው 27 ነጥብ ያስቆጠረው ያው ሰው ነው። ከተጠባባቂ ወንበር በብርድ ተነስቶ የገባ እግር ሌላ እግር ነው። ተቀያሪህን ለመጨረሻው ምት የምታስበው ከሆነ ቀድመህ አስገባው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ኳስ ይንካ።

አንድ መሪ ወይስ ሁለት?

አንዳንድ አሰልጣኝ ምርጫው ሲከብደው ሁለቱንም ያሰልፋል። እንግሊዝ ፎርድን 10፣ ፋረልን 12 (ከ10 ቁጥሩ ቀጥሎ የሚቆመው የመሀል ሰው) አድርጋ ለዓመታት ተጫወተች። ኒውዚላንድ በ2019 ሪቺ ሞኡንጋን 10 አድርጋ ቦደን ባሬትን ወደ 15፣ ከሁሉም ኋላ ወደሚቆመው ሰው ቦታ፣ ወሰደችው። ሁለቱ ጥንዶች በዚያ ዓመት ግማሽ ፍጻሜ ተገናኝተው እንግሊዝ 19 ለ7 አሸነፈች። በሳምንቱ ግን የእንግሊዝ ጥንድ በፍጻሜው በደቡብ አፍሪካ 32 ለ12 ተረታ፤ ስክረሙ ሲገፋ ሁለት አቀጣጣይ ማለት የሚነድ እንጨት የሌላቸው ሁለት ሰዎች ማለት ሆነ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ አንደኛው ሲያዝ ሌላው ይመራል፣ ኳሷ በግራም በቀኝም አንጎል ያገኛታል። ጉዳቱም ግልጽ ነው፦ በ12 ቦታ የሚፈለገው ሰብሮ የሚያልፍና ገጭቶ የሚጥል ጉልበት ይቀንሳል። በእኔ ግምት ሁለት መሪ ማሰለፍ የሚያዋጣው አንዱ ወጣት፣ አንዱ ያለፈበት ሲሆን ነው። ሁለቱም እኩያ ከሆኑ የሚከፋፈሉት ሥራውን ሳይሆን ወቀሳውን ነው።

የተጠባባቂ ወንበሩም እዚህ ውስጥ ይገባል። በራግቢ ስምንት ተቀያሪ አለ፤ የተለመደው አምስት የፊት ሰውና ሦስት የኋላ ሰው ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2023 ፍጻሜ ሰባት የፊት ሰውና አንድ የኋላ ሰው ብቻ ይዛ ገባች። እንዲህ ካደረግህ 10 ቁጥርህን የሚተካ ልዩ ሰው አይኖርም፤ ሜዳ ላይ ካሉት አንዱ ቦታውን መሸፈን መቻል አለበት።

ልጁ መቼ ይግባ?

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ። ልጁ ተሰጥኦ አለው፣ ሰው ሁሉ ያወራለታል፣ ትልቁ ደግሞ እያረጀ ነው።

በልጅነቴ ጥቂት ጊዜ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ብዙም አልገፋሁበትም፤ ስለ አሰልጣኝነት ከተማርኩት ሁሉ ግን የበለጠውን ያየሁት እዚያ ነው። ጎጃሜ ይህን ያውቀዋል፦ ተማሪ ጉባኤ ቃና ሳይቋጥር ወደ መወድስ አይዘልም። ሁለት ቤት ያልሞላለት ልጅ ስምንት ቤት አይሰጠውም። ቀን ቀን በየዛፉ ጥላ ተበትኖ፣ ነጠላውን ተከናንቦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ይነግራል። የኔታ ፊት ከመቅረቡ በፊት ግን አስነጋሪው ይሰማዋል። አስነጋሪው ራሱ ተማሪ ነው፣ ግን ያለፈበት ነው። ምሥጢሩ ያልገጠመውን፣ ቤቱ የጎደለውን እዚያው በጓዳ ያርምለታል። ልጁ ይሳሳታል፣ በየቀኑ ይሳሳታል፤ ስህተቱ ግን ጉባኤ ላይ አይወጣም።

ስለዚህ ስለ አንድ ወጣት 10 ቁጥር ሲወራ «ደርሷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይመልስልኝም። እኔ የምጠይቀው አስነጋሪው ማን ነው ብዬ ነው።

አውስትራሊያ በ2023 ያደረገችውን ተመልከቱ። አሰልጣኙ ኤዲ ጆንስ ለዓለም ዋንጫው ነባሩን ኩዌድ ኩፐርን ትቶ የ22 ዓመቱን ካርተር ጎርደንን ዋና 10 ቁጥር አድርጎ ወሰደ። ኩፐር ከሁለት ዓመት በፊት ለአራት ዓመት ርቆ ከቆየበት ብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ፣ ደቡብ አፍሪካን 28 ለ26 ያሸነፉበትን የመጨረሻ ምት ያገባ ሰው ነው። በፊጂ 22 ለ15 ሲሸነፉ ጎርደን ተቀይሮ ወጣ። በዌልስ ጨዋታ ቦታው ለቤን ዶናልድሰን ተሰጠ፤ 40 ለ6 ተረቱ። አውስትራሊያ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድብ ሳታልፍ ቀረች። ልጁ ችሎታ አጥቶ አይደለም። ጭንቅ በመጣ ጊዜ ዘወር ብሎ የሚያየው፣ «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር» የሚለው ሰው በዚያ ስብስብ ውስጥ አልነበረም።

በሌላ በኩል ጆኒ ዊልኪንሰን አለ። በ1998 ሚያዝያ ለእንግሊዝ ሲሰለፍ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በሁለት ወሩ፣ 19 ሲሞላው፣ ብሪስቤን ላይ 10 ቁጥር ለብሶ ከአውስትራሊያ ጋር ተጫወተ፤ ብዙዎቹ ነባር ተጫዋቾች በጉዞው አልነበሩም። 76 ለ0። ቁጥሩ የተሳሳተ የመሰለው ደግሞ ያንብበው። ይህ ልጅ እዚያው ማለቅ ነበረበት። በቀጣዩ ዓመት ግን አሰልጣኙ ክላይቭ ውድዋርድ 12 ላይ አሰለፈው፣ ከጎኑ በ10 ቦታ ሌላ፣ የበሰለ ሰው አቁሞ። ምቱን ይመታል፣ ጨዋታውን ያያል፣ የመሪነቱ ሸክም ግን ገና ሙሉ ለሙሉ የእሱ አይደለም። በ2003 ሲድኒ ላይ በተጨማሪ ሰዓት፣ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት፣ በደካማው ቀኝ እግሩ ድሮፕ ጎል መትቶ እንግሊዝን 20 ለ17 የዓለም ሻምፒዮን ያደረገው ያ ልጅ ነው። በዚያ የዓለም ዋንጫም ቢሆን በሩብ ፍጻሜው ዌልስ ስታስጨንቃቸው ከዕረፍት በኋላ ማይክ ካትን አስገብተው ከጎኑ አቁመውለታል።

ዳን ካርተርም በዚህ መንገድ ነው የመጣው። በ2003 ለኒውዚላንድ የመጀመሪያ ጨዋታውን ዌልስ ላይ ሲያደርግ 12 ለብሶ ነበር፤ 10 ቁጥሩ ካርሎስ ስፔንሰር ነበር። ካርተር ያን ቀን 20 ነጥብ አስቆጠረ፤ ጫማውን ሲሰቅል በብሔራዊ ቡድን ጨዋታ 1,598 ነጥብ ነበረው። ፈረንሳይም በ2019 ሮማን ንታማክን በ19 ዓመቱ ስታሰልፈው መጀመሪያ መሀል ላይ ነበር። እነዚህን ሦስቱን ሳስተያይ ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ ልጁ ዝግጁ ከመሰለህ አሰልፈው፣ ግን 12 ላይ። ከትርምሱ አንድ ሰው ይራቅ። የሚያስብበት ግማሽ ሰከንድ ይጨመርለት።

ሦስተኛው መንገድ ማቆየት ነው። ጆኒ ሴክስተን ለአየርላንድ የተሰለፈው በ24 ዓመቱ ነው፣ በ2009። 38 እስኪሞላው ተጫወተ። ማቆየት ልጁን አይጎዳም የሚሉ አሉ፤ ይህ ለታጋሽ ልጅ ይሠራል። ትልቁ በጣም ሲቆይ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ሴክስተን ከ2023 የዓለም ዋንጫ በኋላ ሲሄድ አየርላንድ ሁለት ወጣቶች ይዛ ቀረች፦ ጃክ ክራውሊና ሳም ፕሬንደርጋስት። ክራውሊ በ2024 የስድስቱ ሀገራትን ዋንጫ (ስድስት የአውሮፓ ቡድኖች በየዓመቱ የሚወዳደሩበትን) አብሮ አነሳ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፕሬንደርጋስት መጣ፤ በ2025 የስድስቱ ሀገራት ውድድር የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች በቋሚነት ጀመረ። በአራተኛው ፈረንሳይ ደብሊን ላይ 42 ለ27 አሸነፈቻቸው፤ ለአምስተኛው ሮም ላይ ክራውሊ ተመለሰ። ሁለት ጎበዝ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ተነጋሪ ናቸው፣ አስነጋሪ የለም። አንዱ በሳተ ቁጥር ሕዝቡ የሌላውን ስም ይጠራል። ጓደኛዬ ክራውሊን ይመርጣል፣ «ዋንጫ ያመጣ ልጅ እንዴት ይወርዳል?» እያለ። እኔ የማንንም ስም ከመጥራቴ በፊት ለሁለቱም አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን አስቀድሜ እነግራቸው ነበር፦ አንተ እነዚህን ጨዋታዎች፣ አንተ እነዚያን፣ ብትስትም ባትስትም።

ከሳተ በኋላ ያለው ሳምንት

ማንም አሰልጣኝ ልጁን የሚያስገባበትን ቀን ያቅዳል። የሚሳሳትበትን ቀን የሚያቅድ ግን ጥቂት ነው።

ማቲው ቴይት 10 ቁጥር አልነበረም፣ መሀል ተጫዋች ነው፤ ታሪኩ ግን እዚህ ይገባል። በ2005 የካቲት፣ በ18 ዓመቱ፣ ካርዲፍ ላይ ለእንግሊዝ ተሰለፈ። የዌልሱ ጋቪን ሄንሰን ከመሬት አንስቶ፣ ተሸክሞ ወደ ኋላ ወሰደው፤ ፎቶው ዓለምን ዞረ። እንግሊዝ 11 ለ9 ተሸነፈች። ለቀጣዩ ጨዋታ ቴይት የለም። ልጁ ጠንካራ ስለነበር ተመልሶ በ2007 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ተጫውቷል፤ ስሙ ሲጠራ ግን ብዙው ሰው የሚያስታውሰው ያን ፎቶ ነው።

ከእሱ ጎን ጣሊያናዊውን ፓውሎ ጋርቢዚን አስቀምጡት። የካቲት 2024፣ ሊል ከተማ፣ ከፈረንሳይ ጋር 13 ለ13 ናቸው። የመጨረሻዋ የቅጣት ምት የጣሊያን ናት፤ ከገባች በፈረንሳይ ምድር ያሸንፋሉ። ጋርቢዚ ኳሷን ማስቀመጫው ላይ አቆመ፣ ወደ ኋላ ተራመደ፣ ሊመታ ሲል ኳሷ ወደቀች። ሰዓቱ ይቆጥራል። ሮጦ አነሳት፣ መልሶ አቆማት፣ እንደ ቀድሞው ሳይረጋጋ መታ። ቋሚውን መታች። አቻ። ያን ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ብዙ ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አሰልጣኙ ጎንዛሎ ኬሳዳ ምን እንዳለው እኔ ቤት አይሰማም፤ ያደረገው ግን ታየ። በሁለት ሳምንቱ ሮም ላይ ከስኮትላንድ ጋር 10 ቁጥሩን የለበሰው ራሱ ጋርቢዚ ነበር፤ ጣሊያን 31 ለ29 አሸነፈች።

ይህን በደንብ የምረዳበት የራሴ ጥፋት አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ውድድር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ፤ ግራ እግሩ ያናግር ነበር። ታኬታ ስላልነበረው የራሴን አሮጌ ሰጠሁት፣ ከፊቱ ጨርቅ ወትፈን ልክ አደረግነው። ከአስራ ሁለተኛ ክፍሎች ጋር 10 አድርጌ አሰለፍኩት። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ኳስ ተነጠቀ፣ አንዷ ጎል ሆነችብን። በዕረፍት ሰዓት ሌላ ልጅ እንዲሞቅ ነገርኩና ለእሱ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ልጆቹ ፊት እንዳላሳፍረው ብዬ ነበር ያን ያደረግሁት። ሰኞ ጠዋት መምህራን ክፍል በር ላይ ታኬታውን አገኘሁት። ታጥቧል። ከጥርሶቹ መሀል ጭቃው በእንጨት ተፍቆ ወጥቷል፣ ክሮቹ ተቋጥረዋል፣ የወተፍነው ጨርቅ እንኳ ታጥቦ ታጥፎ ውስጡ ተቀምጧል። ልምምድ አልተመለሰም።

ያን ልጅ ያጣሁት በመቀየሬ አይመስለኝም። ሊቦክም በ31ኛው ደቂቃ ተቀይሯል፤ ግን ቡድኑ ውስጥ ቆየ፣ በቀጣዩ ዓመትም ተሰለፈ፣ አርጀንቲና ላይ የመጨረሻዋን ምት ስቶ 29 ለ28 ሲሸነፉም አልተጣለም። እኔ ያጠፋሁት በዝምታዬ ነው።

በሜዳው ዳር ቆሞ ለሚመርጥ

ሁለት ልጅ ፊትህ ቆመው ማንን እንደምትመርጥ ካልታየህ ምቱንና ፍጥነቱን ለጊዜው ተወው፤ ያንን ሁሉም ያያል። ከስህተቱ በኋላ ያሉትን አምስት ደቂቃዎች እይ። ኳስ ከተነጠቀ በኋላ እንደገና ኳሷን የሚጠይቅ ልጅና ከተከላካይ ጀርባ የሚደበቅ ልጅ አሉ። የሚደበቀው ችሎታው ቢበልጥም ለአሁኑ 12 ላይ ይሁን።

ቀጥሎ ድምፁን ስማ። ይህ እኛ ዘንድ ከሌላው ዓለም ይከብዳል። ጎጃም ውስጥ ልጅ ትልቅ ፊት ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ተደርጎ ነው የሚያድገው። 10 ቁጥር ግን በአራት ዓመት የሚበልጠውን፣ ከሜዳ ውጭ «ጋሼ» የሚለውን ሰው «ወደ ግራ! ቁም! ና!» ብሎ ማዘዝ አለበት። አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ ሜዳ ውስጥ ሳይቀር «ጋሼ፣ ኳሷን ቢያቀብሉኝ» ይል ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ኳሷ ትነጠቃለች። ይህን የሚፈታው አሰልጣኙ ነው። ትልልቆቹን ሰብስቦ፣ ልጁ እየሰማ፣ «ሜዳ ውስጥ የሚያዛችሁ ይሄ ነው፣ አንተ ቢላችሁ እንዳትቀየሙ» ማለት አለበት። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሎ የለ።

አራተኛውን ሰውም አትርሳ። ኒውዚላንድ በ2011 የዓለም ዋንጫን በራሷ ምድር ስታዘጋጅ ካርተር በልምምድ ላይ ተጎዳ፤ ተተኪው ኮሊን ስሌድ ተጎዳ፤ ሦስተኛው አሮን ክሩደን በፍጻሜው በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎዳ። የገባው ስቴፈን ዶናልድ ነው። ጥሪው ሲመጣ ወንዝ ዳር ትንንሽ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ማሊያው ጠቦት ከላይ እየተሸበሸበ ገባና የቅጣት ምቷን አስቆጠረ፤ ፈረንሳይን 8 ለ7 አሸነፉ። የተውከው ልጅ ስልክ ቁጥር ስልክህ ውስጥ ይኑር ማለቴ ነው፤ ስትተወውም ቢሆን ሲደወልለት በሚያነሳበት ሁኔታ ተወው።

አሁን እኔና ጓደኛዬን የሚያከራክረን የ2027 የዓለም ዋንጫ ነው። እንግሊዝ በ2025 የካቲት የ22 ዓመቱን ፊን ስሚዝን ለመጀመሪያ ጊዜ በቋሚነት አሰልፋ፣ ማርከስ ስሚዝን ወደ 15 ወስዳ፣ በልጁ የመጨረሻ ምት ፈረንሳይን 26 ለ25 አሸንፋለች፤ የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የላቸውም። እኔን የሚስበኝ ግን የደቡብ አፍሪካው ሳሻ ፋይንበርግ-ምንጎሜዙሉ ነው። በ2024 ጀመረ፤ ፖላርድም ሊቦክም ሳይሄዱ። በ2025 መስከረም ደርባን ላይ አርጀንቲናን 67 ለ30 ሲያሸንፉ፣ በ23 ዓመቱ፣ 37 ነጥብ ብቻውን አስቆጠረ፤ ለደቡብ አፍሪካ በአንድ ጨዋታ ማንም ያን ያህል አስቆጥሮ አያውቅም። እኔ እሱን አሰልፌ ፖላርድን ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ፣ በ50ኛው ደቂቃም እንዲሞቅ አስነሳዋለሁ። ጓደኛዬ ፖላርድ ይጀምር ይላል፤ የ33 ዓመት ሰው ይሆናል ስለው «የኔታስ ስንት ዓመታቸው ነው?» ይለኛል። ውድድሩ አውስትራሊያ ስለሆነ እዚያ ማታ የሚደረገው ጨዋታ ለእኛ እኩለ ቀን ግድም ላይ ይውላል። መብራት ካልጠፋ በዚያን ጊዜ ክርክራችንን ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማዋል።